ፕላውደን የሚለው ስም ከማረሻ አልመጣም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲ ነው። በርሚንግሃም የሚኖር ወንድማችን የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ሲያነብ የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያ ላይ የሾመው ቆንስል ፕላውደን ጋ ደረሰና የስሙን ትርጉም ማወቅ ፈለገ። እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባው "የማረሻ ሸለቆ ማለት ነው" አለው፣ የቤተሰብ አርማ የሚሸጥ ዌብሳይት ደግሞ "ከኖርማን መኳንንት የመጣ ስም ነው" ብሎ አርማውን በፍሬም ሊሸጥለት ሞከረ። በዛ ላይ ድሮ አሜሪካ ሲኖር ፕላውደን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤት ነበረችውና የቆንስሉ ዘር ትሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ መልሱን መጀመሪያ ልስጥህና ከዛ እንዴት እንደተደረሰበት አወራሃለሁ። ማረሻ የለበትም፣ ኖርማንም አይደለም። ፕላውደን የቦታ ስም ነው፣ ትርጉሙም "የጨዋታ ሸለቆ" ነው። ቦታው ደግሞ ካንተ ሩቅ አይደለም፣ ከበርሚንግሃም ወደ ምዕራብ ወደ ዌልስ ድንበር ስትሄድ ሽሮፕሺር የሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ሊድበሪ ኖርዝ በሚባል አጥቢያ ያለች ትንሽዬ መንደር ናት። ሎንግ ሚንድ የሚባለው ረጅም ተራራ በደቡብ በኩል የሚያልቅበት ጋ፣ ኦኒ የምትባል ወንዝ ዳር። ስሙ ብርቅ የሆነውም ለዚ ነው፣ ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ነው፣ አንጥረኛ ደግሞ በየመንደሩ ስላለ ስሙም በየቦታው ለብቻው ተወለደ፣ ፕላውደን ግን ከአንድ ሸለቆ ነው የወጣው።

አሁን ማረሻው ነገር። ባልደረባህን አልወቅሰውም፣ ምክንያቱም ዛሬ ስሙ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት አሜሪካኖች ማረሻን የሚጽፉበት ፊደል ነው፣ አነባበቡም ያው "ፕላው" ነው። ሰው የሚያየውን ፊደል ያምናል። በዚ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስቆይ በብዛት ያየሁት ስህተት ይሄ ነው፣ የዛሬን አጻጻፍ ይዞ የሺ ዓመት ስም መተርጎም። የቦታ ስም ስትፈታ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ ስሙ ሲወጣ ሰዎቹ ምን ዓይነት ቋንቋ ይናገሩ ነበር የሚለውን ነው። እዛ ሸለቆ ስም ያወጡት ሰዎች ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነበር የሚናገሩት፣ በዛ ቋንቋ ደግሞ ማረሻ የሚጠራበት የተለመደው ቃል "ሱልህ" ነው። "ፕሎህ" የሚለው ዘግይቶ የገባ ቃል ነው፣ መጀመሪያም ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመሬት መለኪያ ሆኖ ነው። በምዕራቡ እንግሊዝ ገበሬዎች ማረሻን "ሱሎ" ሲሉ እስከ ቅርብ ዘመን ቆይተዋል። እና ያኔ አንድ የሽሮፕሺር ሰው ሸለቆውን በማረሻ ስም ሊጠራ ቢፈልግ ኖሮ አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል ሌላ ነበር። ከማረሻ የመጡ የቤተሰብ ስሞች በርግጥ አሉ፣ ፕላውማን አራሹ ነው፣ ፕላውራይት ማረሻ ሠሪው ነው፣ እነሱ ግን ዘግይተው ከሥራ የወጡ ስሞች ናቸው፣ ከፕላውደን ጋር የሚያገናኛቸው ፊደል ብቻ ነው።

ታዲያ "ፕላው" ምንድነው? በጥንታዊ እንግሊዝኛ "ፕለጋ" ወይም "ፕላጋ" የሚል ቃል አለ፣ ጨዋታ፣ ውድድር፣ ትግል፣ ግጥሚያ ማለት ነው። ከ"ፕለጋ" የዛሬው "ፕለይ" ወጣ። "ፕላጋ" ግን ሌላ መንገድ ሄደ፣ በሁለት አናባቢ መሀል ያለው ገ እየላላ እየላላ ሄዶ ወ ሆነ። ይሄ ደግሞ ለዚ ስም ሲባል የተፈጠረ ማብራሪያ አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ውስጥ ተራ ሕግ ነው። "ላጉ" የነበረው ዛሬ "ሎው" ነው፣ ሕግ ማለት። "ድራጋን" የነበረው "ድሮው" ሆነ፣ መጎተት። "ሳጉ" መጋዙ "ሶው" ሆነ፣ "ቦጋ" ቀስቱ "ቦው" ሆነ። አራቱም ላይ ገ ሄዶ ወ ነው የቀረው። "ፕላጋ"ም እንደነሱ "ፕላው" ሆነ። ለኛ ሰው ይሄ እንግዳ ሊሆን አይገባም፣ የግዕዙ ሰብእ አማርኛ ላይ ሲደርስ ሰው ሆኖ የለ፣ በ ሄዶ ወ ሆኖ። ሰብእን ሳያውቅ ሰው የሚለውን ቃል ሊፈታ የሚሞክር ሰው የትም አይደርስም፣ ፕላውደንም እንደዛ ነው።

"ደን" የሚለው ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው እዚ ይሳሳታል። አማርኛ አንባቢ ደን ሲል ጫካ ይመጣበታል፣ ግንኙነት የለውም። በእንግሊዝ የቦታ ስሞች መጨረሻ ላይ የምታየው "ደን" ሁለት የተለያየ ምንጭ አለው። ኬንት ውስጥ ቴንተርደን፣ ቢደንደን ምናምን ስትል እዛ ያለው "ደን" ጫካ ውስጥ አሳማ የሚሰማራበት ግጦሽ ነው። ሽሮፕሺር ውስጥ ግን "ደኑ" ነው፣ ሸለቆ ማለት። ቦታውን ሄዶ ያየ ሰው አይጠራጠርም፣ ኦኒ ወንዝ በተራሮች መሀል ሰርስሮ የሚያልፍበት ነው።

ሸለቆ በጨዋታ መጠራቱስ አይገርምም ወይ ካልከኝ፣ አይገርምም። እንግሊዝ ውስጥ ፕለይስቶው የሚባሉ ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ምሥራቅ ለንደን ነው፣ ኬንትም ሰሴክስም አለ፣ ትርጉሙ የጨዋታ ቦታ ነው፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ውድድር የሚያደርግበት። ሰፎክ ውስጥ ፕለይፎርድ አለ፣ የጨዋታ መሻገሪያ። ያኔ ሜዳ ማለት እንደዛሬ በየሰፈሩ የታጠረ ስታዲየም አልነበረም፣ ሰው በበዓል ቀን ከየመንደሩ ወርዶ የሚገናኝበት የታወቀ ደልዳላ ቦታ ነበር፣ እኛ ጃን ሜዳ እንደምንለው። እና ስሙ ላይ የቀረው ነገር እኔን ሁሌ ይነካኛል፣ ማን እንደታገለ ማን እንዳሸነፈ የጻፈ የለም፣ መሰብሰባቸው ብቻ ሸለቆው ላይ ተለጥፎ እስከዛሬ አለ።

ከቦታ ወደ ሰው እንዴት ተሻገረ? እኛ ጋ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጁ ልጅ ደግሞ የልጁን፣ ስለዚ ስም በየትውልዱ ይቀየራል። እንግሊዞችም ድሮ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። በ1066 ኖርማኖች ከገቡ በኋላ ነው መጀመሪያ ባለ ርስቶቹ ጋ፣ ቀስ እያለም ተራው ሕዝብ ጋ ስም መውረስ የተለመደው፣ እስከ 1400 አካባቢ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚወረስ ስም ይዞ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያለህ።) ፕላውደን ላይ ርስት የነበረው ቤተሰብ በሰነድ ላይ "ደ ፕላውደን" እየተባለ ይጻፍ ነበር። ያቺ "ደ" ናት ዌብሳይቱን ኖርማን ያስባለችው። ግን "ደ" እኮ ያው የግዕዝ "ዘ" ናት፣ ዘፕላውደን፣ የፕላውደኑ ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ በላቲንና በፈረንሳይኛ ስለሚጽፉ ከየትም ይምጣ ከየት ሰውየውን "ደ" ይሉታል። ቆይቶ ሰነዱ እንግሊዝኛ ሲሆን "ደ" ወደቀች፣ ፕላውደን ብቻ ቀረ። ስሙ ራሱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፣ አንድም የፈረንሳይ ቃል የለበትም። በነገራችን ላይ አካባቢው የሄርፎርድ ጳጳስ ግዛት ነበር፣ ዛሬም ጎረቤቷ ከተማ ቢሾፕስ ካስል ነው የምትባለው፣ የጳጳሱ ቤተ መንግሥት።

ስለ አርማው ደግሞ ፍሬም ለመግዛት ካሰብክ አትግዛ። በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ከዛ ሰው የተወለዱ ይወርሱታል፣ "የስም አርማ" የሚባል ነገር የለም። የፕላውደኖች አርማ ሰማያዊ መደብ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጠቀ ወርቃማ መቀነት ሆኖ የላይኛዎቹ ጫፎች ላይ የፈረንሳይ ነገሥታት አበባ አለበት። ቤተሰቡ ለዚ አበባ የሚናገረው ታሪክ አለው፣ ሮጀር የሚባል አያታቸው በመስቀል ጦርነት ጊዜ በ1191 በአክራ ከበባ ላይ (የጋናዋ ሳትሆን ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያለችው ከተማ) ተዋግቶ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ሰጠው፣ በሕይወት ሲመለስም ስለቱን ሊያደርስ ሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ላይ የጸሎት ክፍል ሠራ ይላሉ። ክፍሉ አለ፣ ዛሬም የፕላውደን ቻፕል ነው የሚባለው። የአክራውን ነገር ግን እንደ ቤተሰብ አፈ ታሪክ ነው የምይዘው፣ አንተም እንደዛ ያዘው።

ስሙን ከሽሮፕሺር አውጥቶ እንግሊዝ ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገው ኤድመንድ ፕላውደን ነው፣ የሕግ ሰው፣ በ1518 የተወለደ። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስሙ ለምን ብርቅ ሆኖ እንደቀረ የሚገባህ በሱ ነው። ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል የሚባለው የጠበቆች ማህበር ውስጥ ተምሮ፣ ከመጽሐፍ ላይ ስለማይነሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢው አልወጣም ተብሎ የተወራለት ሰው ነው። በ1571 ያሳተመው የፍርድ ቤት ክርክሮች ስብስብ የዘመኑ ጠበቆች እጅ የማይለየው ሆነ፣ የጻፈውም በፈረንሳይኛ ነበር፣ ጠበቆች ያኔ የሚጽፉት በሱ ስለነበረ። ዛሬ ለንደን ሄደህ የምታየውን የሚድል ቴምፕል ትልቅ አዳራሽ ያሠራው እሱ የማህበሩ ሹም በነበረ ጊዜ ነው፣ በ1560ዎቹ ተጀምሮ በ1570ዎቹ መጀመሪያ ያለቀ፣ ጣሪያው ድርብ ሆኖ የተጠላለፈ የኦክ እንጨት ነው።

ችግሩ ካቶሊክ ነበር። እንግሊዝ በኤልሳቤጥ ዘመን ፕሮቴስታንት ስትሆን እሱ ሃይማኖቱን አልቀየረም። ንግሥቲቱ ሃይማኖትህን ተው እንጂ የመንግሥቱን ትልቁን የፍርድ ወንበር እሰጥሃለሁ ብላው እምቢ አለ ይባላል። ስሙ ደግሞ ተረት ሆኖ የቀረው በአንድ ክስ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ በድብቅ ቅዳሴ ሰምተሃል ተብሎ ተከሰሰ፣ ራሱም ጠበቃ ሆኖ ምስክሩን ሲያፋጥጥ ቀዳሽ ነኝ ብሎ ቅዳሴውን የመራው ሰው ቄስ ሳይሆን እሱን ለማስያዝ የቄስ ልብስ ለብሶ የመጣ ተራ ሰው መሆኑን አወጣ። ያኔ "ነገሩ ተለወጠ፣ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም" አለና ነጻ ወጣ። ከዛ በኋላ እንግሊዞች ሁኔታ ባንዴ ሲገለበጥ "ነገሩ ተለወጠ፣ አለ ፕላውደን" ማለት ጀመሩ፣ ለብዙ ዘመንም ሰው አፍ ላይ ነበር።

በ1585 ሞቶ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሐውልቱን ሄጄ አይቼዋለሁ። በጀርባው ተኝቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ለጸሎት ገጥሞ፣ አንገቱ ላይ የዘመኑ ጥቅልል ክፈፍ አለው፣ የጠበቃ ካባውን ለብሷል። ቀለም የተቀባ ስለሆነ ፊቱ ድንጋይ አይመስልም፣ ጢሙን ሳይቀር ታያለህ። ንግሥቲቱ ሹመት ልትሰጠው ፈልጋ እምቢ ያለ ሰው እዛ በክብር መተኛቱን ሳይ የዛን ሰው ጥንካሬ ከምንም ሰነድ በላይ ነው የተረዳሁት።

ዘሮቹም እንደሱ ካቶሊክ ሆነው ቀሩ፣ ይሄ ደግሞ ዋጋ ነበረው። በ1559 ሕግ እሁድ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ ሰው 12 ፔንስ ይቀጣ ነበር፣ በ1581 ቅጣቱ በወር 20 ፓውንድ ሆነ፣ ያኔ 20 ፓውንድ ሀብታም ቤተሰብን የሚያደኸይ ገንዘብ ነው። ሹመት የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ ፓርላማ የለም፣ አብዛኛው መብት የተመለሰው በ1829 ነው። ፕላውደን ሆል የሚባለው የቤተሰቡ ቤት ዛሬም ቆሟል፣ በእንጨት ተዋቅሮ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ቤት፣ ውስጡ ቄሶች የሚደበቁባቸው ጉድጓዶች አሉት። አስበው፣ አንድ ቤተሰብ ርስቱ ላይ ተቀምጦ፣ ልጆቹን ባሕር ማዶ ካቶሊክ ትምህርት ቤት እየላከ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ጋር ብቻ እየተጋባ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ሲኖር ስሙ በምን ይሰፋል? ከዛ ቤት ብዙ ካህናት ናቸው የወጡት፣ እንደ ቻርልስ ፕላውደን ያለ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማህበር አባል)፣ እነሱ ደግሞ አይወልዱም። የቻርልስ ወንድም ፍራንሲስ ጠበቃና የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፊ ነበር፣ በጻፈው ነገር በስም ማጥፋት ተከሶ 5000 ፓውንድ ክፈል ሲባል ፈረንሳይ ገብቶ እዛው ሞተ።

ወደ ጎረቤትህ ልምጣ። ስሙ አሜሪካን የነካው ቀደም ብሎ ነው። የጠበቃው የልጅ ልጅ ሰር ኤድመንድ ፕላውደን በ1634 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ቻርልስ መንግሥት የፈቃድ ደብዳቤ አውጥቶ ዛሬ ኒው ጀርዚ በምንለውና በዙሪያው ባለው አገር ላይ "ኒው አልቢዮን" የሚባል ግዛት ሊመሠርት ተነሳ። በ1642 ቨርጂንያ ደረሰ፣ የራሱ ሰዎች ከዱት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ እጁን ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ግዛቱ ወረቀት ላይ ቀረ። ቆይቶ ግን ፕላውደን የሚባሉ ሰዎች ሜሪላንድ ላይ ሰፈሩ፣ ሜሪላንድ ለካቶሊክ የምትመች ስለነበረች፣ ሳውዝ ካሮላይናም ውስጥ ስሙ አለ።

ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የእንግሊዝ ስም ስታይ በብዛት ከጀርባው ያለው ባርነት ነው። ስሙ የባለ ርስቱ ነበር፣ በ1865 ነጻ ሲወጡ አንዳንዱ በፊትም ይጠራበት የነበረውን ያዘ፣ አንዳንዱ ያኔ መረጠው። የሥጋ ዝምድና ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ስሙ ብቻውን አይነግርህም። ጎረቤትህ ማወቅ ከፈለገች መጀመር ያለባት ከሽሮፕሺር ሳይሆን ከራሷ አያቶች ነው፣ ወደ ኋላ እየቆጠረች የ1870 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ትድረስ፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ባጠቃላይ በሙሉ ስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው ቆጠራ እሱ ነው። ከዛ በፊት ብዙ ጊዜ ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው የተጻፈው፣ በባለቤቱ ስም ሥር። ይሄን የምልህ ብዙ ሰው ልቡ ተሰብሮ እዛ ጋ ሲቆም ስላየሁ ነው፣ ግን የርስት ውርስ ሰነዶች ላይ የመጀመሪያ ስማቸው ሊገኝ ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጥ በላት። የዲኤንኤ ምርመራም ይረዳል፣ የአባት መስመሩን ማየት ከፈለገች የምታስመረምረው ወንድሟን ወይ የአባቷን ወንድም ነው።

እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ፕላውደን ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው አትበል። ባለ ርስቱ ብቻ አይደለም በቦታው የሚጠራው፣ እረኛ የነበረ ሰው መንደሩን ለቆ ሉድሎው ወይ ሽሩዝበሪ ቢገባ የከተማው ሰው "የፕላውደኑ" ብሎ ይጠራዋል፣ ስሙ እሱም ላይ ይቀራል። ቦታው አንድ መሆኑ እርግጥ ነው፣ ደሙ ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወዳንተ ቆንስል። ሙሉ ስሙ ዋልተር ቺቸሌ ፕላውደን ነው። መሀል ያለው "ቺቸሌ"ም የቤተሰብ ስም ነው፣ በጋብቻ የገባ፣ ሄንሪ ቺቸሌ ከሚባለው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ቤተሰብ፣ በ1438 ኦክስፎርድ ላይ ኦል ሶልስ ኮሌጅን የመሠረተው። የመሥራቹ ዘር መሆን ኮሌጁ ውስጥ ለዘመናት ልዩ መብት ያሰጥ ስለነበር ቤተሰቦች ስሙን ልጆቻቸው ላይ እንደ ማስረጃ ያስቀምጡት ነበር። ይሄ የፕላውደን ቅርንጫፍ ሕንድ ላይ ነው ሥራው፣ የዋልተር አባት ቤንጋል ውስጥ የመንግሥት ሹም ነበር። ዋልተር በ1820 ተወለደ፣ በ19 ዓመቱ ካልካታ ሄዶ አንድ የንግድ ቤት ተቀጠረ፣ በ1843 ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ግብፅ ውስጥ ስዌዝ ላይ ከጆን ቤል ጋር ተገናኘ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንፈልግ ተባብለው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ቤል ያው በኋላ ዮሐንስ ተብሎ የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የሆነው ነው። ፕላውደን በ1848 ቆንስል ተሾመ፣ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተፈራረመ፣ መቀመጫው ምጽዋ ቢሆንም ኑሮው መሀል አገር ሆነ። ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው በ1855 ሲነግሡ ስለሳቸው ለንደን የጻፈው ሪፖርት ዛሬም የታሪክ ሰዎች ከሚያገላብጡት አንዱ ነው፣ ድፍረታቸውንም፣ አገሪቱን አንድ የማድረግ ሐሳባቸውንም፣ ሲቆጡ የሚሆኑትንም በቅርብ አይቶ ነው የጻፈው።

በ1860 መጀመሪያ ወደ አገሩ ለመመለስ ጉዞ ሲጀምር ጎንደር አጠገብ ጋረድ የሚባለው ሸፍቶ የነበረ የቴዎድሮስ ዘመድ ይዞ አቆሰለው። ገንዘብ ተከፍሎ ተለቀቀ፣ ግን ቁስሉ አላዳነውም፣ መጋቢት ላይ ሞተ። ቴዎድሮስ ደሙን ሊመልሱ ዘመቱ፣ ጋረድ ተገደለ፣ ተከታዮቹ ላይም ከባድ ቅጣት ወረደ፣ በዚያው ውጊያ ጆን ቤልም ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። አቆጣጠሩን በፈረንጅ ያደረግኩት ለዚ ነው፦ ፕላውደን የሞተው በ1860 በፈረንጅ ሲሆን በኛ 1852 ነው፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ደግሞ በኛ 1860 ነው፣ በፈረንጅ 1868። ሁለቱን 1860 የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፣ ሁለቱ በአንድ ዓመት ሞቱ ብለው የሚጽፉም አይቻለሁ፣ ስምንት ዓመት ነው መሀላቸው።

ስሙን ስታጠና ሌላም የምታገኘው ነገር አለ። ከፕላውደን ቀጥሎ ቆንስል ሆኖ የመጣው ካሜሮን በ1862 ለቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ ሁለት ሽጉጥ ይዞ መጣ። ሽጉጡ ላይ በብር የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረበት፣ ሐሳቡም የታላቋ ብሪታንያና የአየርላንድ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ለምስጋና ለንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ የሰጠችው ነው የሚል ነው፣ 1861 የሚል ዓመትም አለበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በኛ አቆጣጠር መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። ያ ጽሑፍ ላይ ከንግሥቲቱና ከንጉሡ ስም ሌላ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው ያለው፣ የዛ የሽሮፕሺር ሸለቆ ስም። በዚያው ዓመት ወንድሙ ትሬቨር ዋልተር ትቶት የነበረውን ጽሑፍ ሰብስቦ አሳተመው።

ቦታውን ማየት ከፈለግክ ከሽሩዝበሪ ወደ ሄርፎርድ በሚሄደው ባቡር ክሬቨን አርምስ ላይ ውረድ። ድሮ ከዛ ወደ ቢሾፕስ ካስል የሚሄድ ትንሽ ባቡር ነበር፣ ፕላውደን የሚል የራሱ ጣቢያም ነበረው፣ በ1935 ተዘጋ፣ ስለዚ ታክሲ ነው የሚያዋጣህ። ፕላውደን ሆል የግል ቤት ስለሆነ ወደ ግቢው አትግባ፣ ቻፕሉን ለማየት ግን ሊድበሪ ኖርዝ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሂድ። ከዛ ወደ ኦኒ ወንዝ ውረድና ተራራውን ከኋላህ አድርገህ ደልዳላውን ሜዳ እየው።